«ዳታው በጥያቄ ይቀርባል»፦ ለታካሚውና ለመጽሔቱ የተገቡ ሁለት የማይገናኙ ቃሎች

በጤና ሳይንስ መጽሔቶች ላይ የሚወጣን ጥናት እስከ መጨረሻው የሚያነብ ሰው፣ ከምስጋናው ዝቅ፣ ከዋቢዎቹ ከፍ ብላ የተቀመጠች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳያይ አይቀርም፦ «በዚህ ጥናት የተሰበሰበው ዳታ፣ በቂ ምክንያት ያለው ጥያቄ ሲቀርብ፣ ከጸሐፊው ማግኘት ይቻላል።» ዓረፍተ ነገሯ ጨዋ ናት። የታካሚውን ምስጢር የምትጠብቅ፣ ለባልደረባም በሯን ያልዘጋች ትመስላለች። ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው እየተገለበጠች የምትዞር ስትሆን፣ ብዙ ጊዜም የምትጻፈው ጽሑፉ ሊላክ በተቃረበበት የመጨረሻ ሰዓት፣ የመጽሔቱ ድረ ገጽ ባዶ ሳጥን አላሳልፍም ስላለ ብቻ ነው።

ይህችን ዓረፍተ ነገር የፈተኗት የክሮኤሺያ ተመራማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 በባዮሜድ ሴንትራል መጽሔቶች ላይ ከወጡት ጥናቶች መካከል ዳታውን በጥያቄ እንሰጣለን ያሉትን ለይተው፣ ለ1,792ቱ ጸሐፊዎች ኢሜይል ጻፉ። በ2022 ባሳተሙት ውጤት መሠረት መልስ የሰጡት 254 ሲሆኑ፣ ዳታውን በእርግጥ ያስረከቡት 122 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶው ሰባት እንኳ አይሞላም። (ካልተገለጸ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። ዳታ ስልም ጥሬውን፣ ከእያንዳንዱ ሰው የተሰበሰበውን መዝገብ ማለቴ ነው፤ መረጃ የምለው ከዚያ ተተንትኖ የሚወጣውን ነው።)

በጤና ምርምር ዳታን በኃላፊነት ስለ መጋራት ሲነሳ፣ ክርክሩ ዘወትር ክፍትነትን በአንድ ወገን፣ ምስጢር ጠባቂነትን በሌላ ወገን አሰልፎ ይጀምራል። እኔ እንደማየው ግን የከፋው ጥፋት ያለው ከሁለቱም ወገን ባልቆመው ልማድ ውስጥ ነው። «በጥያቄ ይቀርባል» የሚለው ቃል ዳታውን በአንድ ሰው ላፕቶፕና ፍላሽ ላይ ያስቀረዋል። ያ ሰው ሥራ ቢቀይር፣ ወደ ውጭ ቢሄድ፣ ላፕቶፑ ቢሰረቅ፣ ዳታውን የሚረከብም ሆነ የሚጠብቅ የለም። ሌሎች ተመራማሪዎች አያገኙትም፤ ታካሚውም አልተጠበቀም።

ሠንጠረዡን እንጂ መዝገቡን ያላየ ገምጋሚ

ጥሬው ዳታ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ከግንቦት 2020 የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በዚያ ወር 22ኛ ቀን ዘ ላንሴት፣ በስድስት አህጉራት ካሉ 671 ሆስፒታሎች የተሰበሰበ የ96,032 ታካሚዎች ዳታ ተተንትኖበታል የተባለ ጥናት አሳተመ። ጥናቱ ለኮቪድ-19 ሃይድሮክሲክሎሮኪን ወይም ክሎሮኪን የተሰጣቸው ታካሚዎች ይበልጥ እንደሚሞቱ የሚያሳይ ነበር። በሦስተኛው ቀን የዓለም ጤና ድርጅት በብዙ አገሮች ያካሂደው በነበረው ሙከራ ውስጥ የሃይድሮክሲክሎሮኪኑን ክፍል ለጊዜው አስቆመ። ዳታውን አቀረብኩ ያለው ሰርጂስፊር የተባለ አነስተኛ የአሜሪካ ኩባንያ ነበር።

ጥያቄ ያነሱት ከመቶ በላይ ሳይንቲስቶች በግልጽ ደብዳቤያቸው ከዘረዘሯቸው ነጥቦች አንዱ እኛን በቀጥታ የሚነካ ነው። በጥናቱ ቁጥር መሠረት፣ እስከዚያ ጊዜ በአፍሪካ ከተመዘገቡት የኮቪድ ታማሚዎች ሩብ ያህሉ፣ ከሟቾቹም አርባ በመቶው፣ ከዚሁ ኩባንያ ጋር በሚሠሩ ሆስፒታሎች የታከሙ መሆን ነበረባቸው፤ ሆስፒታሎቹም የእያንዳንዱን ታካሚ የልብ ምት መዛባት ሰከንድ በሰከንድ በኤሌክትሮኒክ መዝገብ የሚይዙ መሆን ነበረባቸው። በአህጉሩ በአንድ ሆስፒታል የካርድ ክፍል በር ላይ ቆሞ ካርዱ እስኪፈለግለት የጠበቀ ሰው ይህን ቁጥር ቢያይ ሊያምነው አይችልም ነበር። ችግሩ እንዲህ ያለው ሰው ከገምጋሚዎቹ ወንበር ላይ አልነበረም። ነጻ መርማሪዎች ጥሬውን ዳታ እንመልከት ሲሉ ኩባንያው ከሆስፒታሎቹ ጋር የገባሁት ውልና የታካሚ ምስጢር አይፈቅድልኝም አለ፤ ከአራቱ ጸሐፊዎች ሦስቱም ሰኔ 4 ቀን ጥናቱን ሰረዙት። በዚያው ቀን ከዚሁ ኩባንያ ዳታ የተሠራ፣ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣ ሌላ ጥናትም ተሰረዘ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ምስጢር ጠባቂነት ምን ሥራ እንደ ተሰጠው ነው። ታካሚዎችን የሚያድን ቃል፣ መኖሩ እንኳ ያልተረጋገጠን ዳታ ከምርመራ ማዳኛ ሆነ። ላንሴት በመስከረም 2020 ደንቡን ቀይሮ ከአንድ በላይ ጸሐፊ ዳታውን በቀጥታ አይቶ ማረጋገጥ እንዳለበት አስታወቀ። ይህ እስከዚያ ያልተጠየቀ መሆኑ ራሱ ከጥናቱ የበለጠ ያስደነግጣል።

ሰርጂስፊር ብርቅ አጋጣሚ ነው የሚል ካለ፣ በእንግሊዝ አናስቴዥያ የተባለው መጽሔት አርታኢ የነበሩት ሐኪም ጆን ካርላይል ያሳተሙት ቁጥር መልስ ይሆነዋል። ከ2017 እስከ 2020 ወደ መጽሔቱ የተላኩ 526 ሙከራዎችን መረመሩ። ጥሬ ዳታቸው ከቀረበላቸው 153 ሙከራዎች ውስጥ በ67ቱ የተሳሳተ ወይም የተፈጠረ ዳታ አገኙ፤ ይህም 44 በመቶ ነው። ጥሬ ዳታ ካልቀረበባቸው 373 ውስጥ ግን ችግር ማየት የቻሉት በስድስቱ ብቻ ነው። ሁለተኛዎቹ ከመጀመሪያዎቹ የበለጠ ንጹሕ ስለሆኑ አይመስለኝም። ካርላይል ጥሬ ዳታ የሚጠይቁት አንዳንድ ጊዜ ጥርጣሬ ስላደረባቸው ነበርና 44 በመቶው ለሁሉም ጥናት የሚወሰድ መለኪያ አይደለም፤ ያም ሆኖ ሠንጠረዥ ብቻ የሚያይ ገምጋሚ ምን ያህል እንደማያይ ያሳያል።

የአዘጋጆቹ ማፈግፈግ

የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። በጥር 2016 ያቀረበው ረቂቅ፣ የክሊኒክ ሙከራ ውጤት የሚያሳትም ሁሉ ስም የተሰረዘበትን የታካሚዎች ዳታ በስድስት ወር ውስጥ እንዲያጋራ የሚያስገድድ ነበር። በዚያው ወር የኒው ኢንግላንድ ጆርናል አዘጋጆች፣ ሌሎች የደከሙበትን ዳታ ወስደው የሚጽፉትን አንዳንዶች «የምርምር ጥገኞች» ብለው እንደሚጠሯቸው የጠቀሱበት ርእሰ አንቀጽ ወጣ፤ ቁጣውም ከሁለቱም ወገን ተቀጣጠለ። በሰኔ 2017 ኮሚቴው ግዴታውን ትቶ በመግለጫ ተወሰነ። ከሐምሌ 1 ቀን 2018 ጀምሮ ጸሐፊው ዳታውን ያጋራ ወይም አያጋራ እንደሆነ መግለጽ አለበት፤ ከጥር 1 ቀን 2019 በኋላ ተሳታፊ መመዝገብ የጀመረ ሙከራም እቅዱን አስቀድሞ በምዝገባው ማሳወቅ አለበት። «አናጋራም» የሚለውም ተቀባይነት ያለው መልስ ነው።

ግዴታው ጠበቅ ባለበት ቦታ ውጤቱ ይሻላል፣ ግን ሙሉ አይደለም። ቢኤምጄና ፕሎስ ሜዲሲን የተባሉት መጽሔቶች ጥብቅ ደንብ ካወጡ በኋላ የታተሙ 37 ሙከራዎችን የተከታተለ፣ በ2018 የወጣ ጥናት፣ ዳታቸው የተገኘው 17 መሆናቸውን አሳይቷል፤ ከእነዚህ በ14ቱ ዋናው ውጤት እንደገና ሲሰላ ያው ሆኖ ተገኝቷል። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ዳታውን ማጋራት ሌባ ለመያዝ ብቻ ሳይሆን፣ በአግባቡ የሠራውን ሰው እውነት ለማስመስከርም ይጠቅማል።

በቡና ሰዓት የሚታወቅ ታካሚ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ወደ ክፍትነት የሚገፋ ነው። ይሁን እንጂ «ስሙን አንስተን እንልቀቀው» የሚለው ቀላል መፍትሔ እንደማያዋጣ ከታወቀ ቆይቷል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የማሳቹሴትስ ግዛት የመንግሥት ሠራተኞችን የሆስፒታል መዝገብ ስማቸውን አንስቶ ለተመራማሪዎች ሲሰጥ፣ በወቅቱ ተማሪ የነበረችው ላታንያ ስዊኒ የአንዲት ከተማ መራጮችን ዝርዝር በ20 ዶላር ገዝታ፣ የልደት ቀንን፣ ጾታንና የፖስታ ቁጥርን በማገናኘት የግዛቱን ገዥ የዊልያም ዌልድን የሕክምና መዝገብ ለይታ አወጣች። በ2000ም ከአሜሪካ ሕዝብ 87 በመቶ ያህሉ በእነዚህ ሦስት ነገሮች ብቻ ሊለይ እንደሚችል ገመተች። በ2019 የወጣ ሌላ ስሌት ደግሞ 15 የሕይወት ዝርዝሮች ከተሰበሰቡ 99.98 በመቶ አሜሪካውያንን በትክክል መለየት እንደሚቻል አሳይቷል። በዚያው ዓመት የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች የጭንቅላት ኤምአርአይ ምስልን ወደ ፊት ቅርጽ ቀይረው ከፎቶግራፍ ጋር ሲያስተያዩ፣ ከ84 በጎ ፈቃደኞች 70ዎቹን አወቋቸው።

እነዚህ ምሳሌዎች ኮምፒውተር የሚጠይቁ ናቸው። በእኛ አገር ግን ኮምፒውተር አያስፈልግም። ከአንድ ወረዳ ሆስፒታል በወጣ የዳታ ፋይል ላይ «ዕድሜ 34፣ ሙያ አዋላጅ ነርስ፣ ከባሏ የተፋታች፣ ባለፈው ዓመት መንታ የወለደች» የሚል አንድ መስመር ቢኖር፣ የስሟ አለመኖር ማንን ያታልላል? የአካባቢው ሰው ቡናው አቦል ላይ ሳለ ይለያታል። በአማካይ አምስት ሺህ ያህል ሰው በሚኖርበት የገጠር ቀበሌ ውስጥ ሙያ፣ ሃይማኖት፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋና የልጆች ቁጥር ሲደመሩ እንደ ስም ያገለግላሉ። ብዙ ተመራማሪዎቻችን እንደ መመሪያ የሚጠቀሙበት የአሜሪካው የጤና ምስጢር ሕግ ዝርዝር ከዳታ ውስጥ መነሳት ያለባቸውን 18 ነገሮች ይቆጥራል፤ ብሔር፣ ሃይማኖትና ቋንቋ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ዝርዝሩን ተከትሎ 18ቱንም ያነሳ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ደንቡን ጠብቆም ሰው ሊያጋልጥ ይችላል።

ታዲያ እንዴት ይደረግ? ለዚህ ጥያቄ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የአገራችን ተመራማሪዎች አብዝተው የሚጠቀሙበት የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥሩ መልስ አለው። በ2016ቱ ዳሰሳ፣ በዚያን ጊዜ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት፣ በ645 የቆጠራ ቦታዎች 16,650 ቤተሰቦችን ጎብኝቶ 15,683 ሴቶችንና 12,688 ወንዶችን አነጋግሯል። የመንደሮቹ የካርታ መገኛ ለተመራማሪ ሲሰጥ ሆን ተብሎ ይዛነፋል፤ በከተማ እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ በገጠር እስከ 5 ኪሎ ሜትር፣ ከገጠሮቹም ከመቶ አንዱ እስከ 10 ኪሎ ሜትር ከቦታው ይርቃል፤ ከክልሉ ወሰን ግን አይወጣም። የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት ከቃለ መጠይቁ ጋር ከመያያዙ በፊት ደግሞ የመንደርና የቤት መለያ ቁጥሮቹ በዕጣ ይቀየራሉ፤ የድሮውን ቁጥር የያዘው መዝገብም ይወገዳል። ማንኛውም ሰው ዳታውን የሚያገኘው ስሙንና የጥናቱን ዓላማ አስመዝግቦ፣ ተሳታፊዎችን ለመለየት እንደማይሞክር ቃል ገብቶ ነው። በሩ ክፍትም ዝግም አይደለም፤ በረኛ አለው ማለት ይሻላል።

ከዚሁ ዳሰሳ የሚገኝ ሌላ ትምህርት አለ፤ ዳታ ያለ ማብራሪያው ግማሽ ነው። የኢትዮጵያው ፋይል የልደትና የሞት ቀኖችን የሚይዘው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። በሌሎች አገሮች ዳሰሳ የለመደ ተመራማሪ በወራት የሚቆጠረው ቀን ላይ 92 መደመር እንዳለበት ካላወቀ፣ ሁሉንም ነገር ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ የአገሮችን የጊዜ ሰሌዳ በሚያነጻጽር ሥራ ላይ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። የቋንቋውም ጉዳይ እንደዚሁ ነው። መጠይቁ የሚነበበው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ ሆኖ ሳለ፣ ከብዙ ጥናቶች ጋር የሚያያዘው የእንግሊዝኛው ብቻ ነው። የአእምሮ ጤናን የሚጠይቅ መጠይቅ «ጭንቀት» ብሎ ይሁን «ድብርት» ወይስ «ሐሳብ መብዛት» ብሎ እንደ ጠየቀ ያላወቀ ሰው ከዚያ ዳታ ምን እንደሚያነብ አላውቅም። ዳታ በቀላሉ የሚገኝ፣ የሚደረስበት፣ ከሌላ ዳታ ጋር የሚጣጣምና እንደገና ጥቅም ላይ የሚውል እንዲሆን በ2016 የታወጁት ፌር የሚባሉት መርሆዎች ከዳታው እኩል ስለ ማብራሪያው መናገራቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

የዳሰሳው በረኛ ግን የእኛ አልነበረም። ፕሮግራሙ ከ1984 ጀምሮ ይካሄድ የነበረው በአሜሪካ የዓለም አቀፍ ልማት ተራድኦ ድርጅት ገንዘብ ሲሆን፣ ፈቃዱም የሚሰጠው ከአሜሪካ ነበር። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም ፕሮግራሙም ቆመ፤ አዲስ ዳታ የሚጠይቁ ሰዎች ለጥያቄያቸው መልስ እንደማያገኙ የሚገልጽ ማስታወቂያ ድረ ገጹ ላይ ተለጠፈ። አማራ ክልል ወይም ሲዳማ ውስጥ ያለች እናት የሰጠችውን መልስ፣ ጎንደር ወይም ሐዋሳ ያለ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ለመጠቀም ሲፈልግ፣ መንገዱ የሚከፈተውና የሚዘጋው በዋሽንግተን ውሳኔ መሆኑ በዚያን ሰሞን ቁልጭ ብሎ ታየ።

ስም የሌለው፣ መንደር ያለው ጉዳት

አንዳንድ ጊዜ አንድም ሰው ሳይለይ ጉዳት ይደርሳል። በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣውን፣ በተለምዶ ዝሆኔ ከሚባሉት የእግር እብጠቶች አንዱ የሆነውን ፖዶኮኒዮሲስን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ይህን ቀድመው አስበውበታል። በወላይታ በተሠራውና በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል በታተመው ጥናት፣ የ194 ታማሚዎችና የ203 ጤነኞች ዘረመል ተነጻጽሮ፣ ለበሽታው የሚያጋልጥ የዘር ምክንያት መኖሩ ተረጋግጧል። ከዚያ በፊት ግን ተመራማሪዎቹ ወደ ማኅበረሰቡ ገብተው፣ ስለ ዘር የሚደረግ ጥናት ምን ያስፈራችኋል ብለው ጠይቀው ነበር። የበሽተኛ ቤተሰብ በጋብቻም በማኅበራዊ ኑሮም በሚገለልበት አካባቢ፣ «በሽታው በዘር ነው» የሚል ውጤት ያንኑ መገለል ሊያባብሰው እንደሚችል ከነዋሪዎቹ የሰሙት ያኔ ነው። ውጤቱ ማንንም በስም አይጠራም፤ ነገር ግን ቤተሰብ፣ ቀበሌ፣ ብሔር ይጠራል። እንዲህ ያለው ዳታ በሌላ ሰው እጅ ለሌላ ጥያቄ ሲውል፣ ያ ቀድሞ የተደረገ ምክክር አብሮት አይሄድም።

በአሜሪካ የሃቫሱፓይ ነባር ሕዝቦች ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ከ1990 ጀምሮ ለስኳር በሽታ ጥናት ብለው የሰጡት ደም ለስኪዞፍሬንያ፣ ለዘመድ ጋብቻና ለቅድመ አያቶች ፍልሰት ጥናት መዋሉን የሰሙት ከዓመታት በኋላ ነበር፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ እንዲሉ። በ2010 ጥናቱን ያካሄደው የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለ41 ሰዎች 700,000 ዶላር ለመክፈልና ናሙናዎቹን ለመመለስ ተስማማ።

የደከመውና የጻፈው

«የምርምር ጥገኞች» የሚለው ስድብ ከሀብታም አገር ሳይንቲስቶች አፍ ሲወጣ ስስት ይመስላል፤ ስጋቱ ግን በድሃ አገር ሲነሳ መሠረት አለው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በቡታጅራ የተካሄደው ክትትል፣ በየቤቱ እየዞሩ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ለአሥርተ ዓመታት መመዝገብን የጠየቀ ነው። ያን ያህል ዓመት በእግር የተሰበሰበን ፋይል፣ ፈጣን ኢንተርኔትና የስታቲስቲክስ ቡድን ያለው ተቋም በሁለት ወር ተንትኖ ሊያሳትመው ይችላል። ሰብሳቢው ተቋም የሚያገኘው በምስጋናው አንቀጽ ውስጥ አንድ መስመር ነው።

አገሮችም ይህን ቀምሰዋል። ኢንዶኔዥያ በ2007 የወፍ ጉንፋን ናሙናዎችን መላክ ያቆመችው፣ ከላከችው ቫይረስ ሌሎች የሚሠሩትን ክትባት እኔ ልገዛው የማልችለው ይሆናል ብላ ነው፤ ድርድሩም በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት አባላት ናሙናንና ጥቅምን አያይዞ የሚያጋራ ስምምነት እንዲያጸድቁ አደረገ። በኅዳር 2021 ደግሞ የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ሳይንቲስቶች ኦሚክሮን የተባለውን አዲስ የኮሮና ዝርያ አግኝተው የዘረመል ዳታውን ወዲያው ለዓለም ሲያቀርቡ፣ የተመለሰላቸው ምላሽ እንግሊዝ፣ አሜሪካና የአውሮፓ ኅብረት ከደቡባዊ አፍሪካ የሚነሱ በረራዎችን ማገዳቸው ነበር። በፍጥነት ማጋራት ቅጣት የሚያስከትል ከሆነ፣ የሚቀጥለውን ዝርያ ያገኘ ሚኒስቴር አንድ ሳምንት ቢያመነታ ማን ይወቅሰዋል?

መልሱ ዳታን መቆለፍ አይመስለኝም። በ2020 በእንግሊዝ የተጀመረው ኦፕንሴፍሊ ሌላ መንገድ አሳይቷል። ዳታው ከሕክምና መዝገቡ ኮምፒውተር አይወጣም፤ ተመራማሪው ትንተናውን በተመሳሳይ የይስሙላ ዳታ ላይ ጽፎ ይልካል፤ ኮዱ በእውነተኛው ዳታ ላይ ይሠራና ተመርምሮ የሚመለስለት ውጤቱ ብቻ ነው። በዳታው ላይ የሠራ ኮድ ሁሉ በግልጽ ይመዘገባል። ይህን ለማድረግ የእንግሊዝን ያህል ሀብት ባያስፈልግም ጥሩ ሰርቨር፣ የማይቋረጥ መብራትና ደሞዝ የሚከፈለው የዳታ ባለሙያ ግን ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሥር ያለው ብሔራዊ የጤና ዳታ አስተዳደር ማዕከል ለእንዲህ ያለ በረኛነት ቅርቡ ተቋም ነው። ተመራማሪው ከአዲስ አበባም ሆነ ከስቶክሆልም ጥያቄውን ይላክ፤ ዳታው ከተሰበሰበበት አገር ሳይወጣ መልስ ያግኝ፤ ሰብሳቢዎቹም ማን ምን እንደ ጠየቀ ይወቁ።

ሕጉ ከሥራው ቀድሟል። በ2019 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሁሉም እንዲደርስ ይጠይቃል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. (በጎርጎርዮስ 2024) የጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የጤናና የዘረመል ዳታን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ ይመድባል፤ ከአገር ስለሚወጣ ዳታም ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል። አንዱ ክፈት፣ አንዱ ጠብቅ ይላል። ሁለቱ አይጋጩም፤ ነገር ግን የሚያስማማቸው ሰው በየዩኒቨርሲቲው መቀጠር አለበት፣ እና ይህ ሥራ እስከ ዛሬ የተጣለው ጽሑፉን በሚልከው ተመራማሪ ላይ ነው።

እርሱ ደግሞ ከመጀመሪያው ራሱን አስሮታል። በአገራችን በብዛት የሚሠራበትን የተሳታፊዎች ፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ያነበበ ሰው ይህን መሰል ቃል ያገኛል፦ «የሚሰጡት መልስ በምስጢር ይያዛል፤ ከተመራማሪው በቀር ማንም አያየውም፤ ጥናቱ ሲያልቅ ይወገዳል።» ከአንድ ዓመት በኋላ ያው ተመራማሪ ለመጽሔቱ ዳታው በጥያቄ ይቀርባል ብሎ ይጽፋል። ለታካሚዋ የተገባው ቃል እውነት ከሆነ ለመጽሔቱ የተገባው ሐሰት ነው፤ የመጽሔቱ እውነት ከሆነ የታካሚዋ ሐሰት ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ቅጹን እንጂ የታተመውን ጽሑፍ አያይም፤ አርታኢው ጽሑፉን እንጂ ቅጹን አያይም። ስለዚህ ሁለቱን ቃሎች ጎን ለጎን የሚያነብ የለም። ከክሮኤሺያውያኑ ኢሜይል መልስ ከነፈጉት ውስጥ ምን ያህሉ ቸልተኛ፣ ምን ያህሉ ደግሞ ዘግይቶ ሕሊናው የወቀሰው እንደሆነ መለየት አይቻልም።

ማስተካከያው ከቅጹ ይጀምራል፤ «ስምዎና መለያዎ ከወጣ በኋላ መልስዎ ለሌላ የጤና ጥናት ሊውል ይችላል፤ ማን እንደሚያየው የሚወስነው ይህ ኮሚቴ ነው፤ ይህን ባይፈቅዱም በዚህኛው ጥናት መሳተፍ ይችላሉ፤ ሕክምናዎም አይጓደልም» የሚል ሦስት አራት መስመር ይበቃዋል። ለማንበብ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መጠይቁን ይዞ ደጃፍ ላይ የተቀመጠውን መረጃ ሰብሳቢ አንዲት እናት «ልጄ፣ ይሄ ኮሚቴ የምትለው ማን ነው?» ብላ ብትጠይቀው፣ በአብዛኞቹ ተቋሞቻችን የሚጠራላት ስም ገና የለውም።